አሮጌ መኪና ቀለም ይቀባ ወይስ ስቲከር ይልበስ?

እንደሚታወቀው በሀገራችን መኪና ለብዙ ቤተሰብ የአንድ ሰው ዕድሜ ዕቃ ብቻ አይደለም። አባት ገዝቶ ይነዳዋል፤ ልጅ ይወርሰዋል፤ የልጅ ልጅም መሪ መያዝ ይማርበታል። ሌላው ዓለም በሙዚየም ያቆመውን ቮልስ ዋገን እኛ ዘንድ ሰው ሥራ ይሄድበታል፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርስበታል። በጎጃም ደጋ፣ ሳምንታዊ ገበያዋ ስሟን ባወጣላት በሮብ ገበያም ሆነ በደብረ ማርቆስ፣ ዕድሜ የጠገበ መኪና ያለው አባወራ ጌጥ ሳይሆን አገልግሎት ይጠብቅበታል።

ታዲያ እንዲህ ያለው መኪና አንድ ቀን ቀለሙ ይገረጣል፤ ፓራፋንጎው ይላላጣል፤ ኮፈኑ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይታያል። ባለቤቱም ከሁለት ምክር መሐል ይገባል። አንዱ ወዳጁ «ጋራዥ አስገባና ሙሉ ቀለም አስቀባው» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ምን አደከመህ? ስቲከር አልብሰው፤ በሦስት ቀን አዲስ ይሆናል» ይለዋል። ሁለቱም ምክሮች ገንዘብ ያስወጣሉ። ሁለቱም ካላወቁበት ገንዘቡን ያባክናሉ፤ መኪናውንም ይጎዳሉ። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን መንገድ ጥቅምና ጉዳት በተቻለ መጠን ዘርዝረን እናቀርባለን።

ስቲከሩ ምንድን ነው?

በየከተማው «ስቲከር» እየተባለ የሚጠራው ሽፋን ቪኒል ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት የሚሠራ ስስ ልባስ ነው። ቪኒል በተፈጥሮው ደረቅና ተሰባሪ ሲሆን እንዲለሰልስና እንዲተጣጠፍ የተደረገው በ1926 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በጉድሪች ኩባንያ ይሠራ በነበረው ኬሚስት በዋልዶ ሲመን አማካይነት ነው። ከዚያ ወዲህ የዝናብ ልብስ፣ የወለል ንጣፍ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋን፣ የመኪና ወንበር ልብስም ሆኖ ዓለምን አዳርሷል።

መኪናን ሙሉ በሙሉ በዚህ ልባስ የመሸፈን ልማድ ግን የቅርብ ጊዜ ነው። መነሻው ደግሞ ውበት ሳይሆን የታክሲ ጉዳይ ነው። በጀርመን ሀገር ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታክሲዎች የዝሆን ጥርስ የመሰለ ፈዛዛ ቀለም እንዲኖራቸው ደንብ ወጥቶ ነበር። ታክሲው አገልግሎቱን ጨርሶ ለግል ገዢ ሲሸጥ ያንን ቀለም የሚወድ አይገኝም፤ ስለዚህ ዋጋው ይወርዳል። በ1993 እ.ኤ.አ. ገደማ አንድ ልባስ አምራች ኩባንያ ቀለምን የሚተካ ቪኒል አቀረበ። ባለታክሲዎቹ ሌላ ቀለም ያለው መኪና ገዝተው የደንቡን ቀለም አለበሱት፤ ሲሸጡት ልባሱን ልጠው ከሥሩ ያልተነካ ቀለም አገኙ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ቁም ነገር እንማራለን። ልባሱ የተፈለገው ከሥሩ ጤነኛ ቀለም ስለነበረ ነው። የተበላሸውን ለማዳን ሳይሆን ደህናውን ለመጠበቅ ነው የተሠራው። በአሮጌ መኪና ላይ የሚሠራው ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ነጥብ ከመርሳት ይመጣል።

የኛ አሮጌ መኪኖች

ወደ አዲስ አበባ መኪና የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የመጡት መኪኖችና ጋራዦች እስከ ዛሬ የምንናገረውን ቋንቋ ትተውልናል። ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ፓራውርት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ካምቢዮ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የአዲስ አበባ ታክሲ የነበረችው ትንሿ ፊያት «ሰይቼንቶ» የተባለችውም በጣሊያንኛ ስድስት መቶ ማለት ስለሆነ ነው። ከእሷ በኋላ ሰማያዊና ነጭ የለበሰችው ላዳ መጣች። ላዳም ብትሆን የፊያት 124 ልጅ ናት፤ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት ቶልያቲ ከተማ የተሠራችው የጣሊያኑን ንድፍ ይዛ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ሰው የወደዳት ቮልስ ናት። ይህች መኪና በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተች ሲሆን የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ፑዌብላ ከፋብሪካ ወጥታለች። በሀገራችን የዋጋዋ ነገር ከዓመት ወደ ዓመት የሚጨምረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በመሆኑም በእጅ ያለ አሮጌ የነዳጅ መኪና የሚተካው ሌላ በቀላሉ አይገኝም። ቤተሰቡ ያለውን ይዞ መኖር አለበት። ቀለሙን የማዳን ጉዳይም ከቅንጦት ወጥቶ ንብረት የመጠበቅ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀለም ምን ያደርጋል? ስቲከርስ?

ቀለም የመኪና ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ቆዳው ነው። በትክክል የተቀባ መኪና ከላሜራው ጋር የተጣበቀ የዝገት መከላከያ፣ በላዩ ማስተካከያ፣ ከዚያ በላይ ቀለም ይኖረዋል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ውፍረታቸው ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ይህ ስስ ቆዳ ውኃና አየር ብረቱን እንዳይነኩት ይከላከላል።

ጥሩ የሚባለው ስቲከርም ስስ ነው። ከጠጠር ፍንጣሪና ከጭረት መጠነኛ ጥበቃ ያደርጋል፤ ፀሐይ ከሥሩ ያለውን ቀለም እንዳታገረጣውም ይጋርዳል። ከብረት ጋር ግን አይዋሐድም። ጠርዙ ከተነሣ ውኃ ከሥሩ ይገባል፤ የገባው ውኃ ደግሞ ቶሎ አይወጣም። የዛገ ላሜራ ላይ የተለጠፈ ስቲከር ዝገቱን አያቆመውም፤ ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ። ባለቤቱ «መኪናዬ አዲስ ሆነ» ብሎ ሲደሰት ዝገቱ በጨለማ ሥራውን ይቀጥላል።

ሌላም ችግር አለ። ስቲከር ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይናገራል። የጎረበጠ ላሜራ፣ በደንብ ያልተላገ ስቱኮ፣ የተላጠ ቀለም ጠርዝ፣ የአሸዋ ቅንጣት ሳይቀር በስቲከሩ ላይ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ «ባትላሜራና ስቱኮ ከማሠራ ስቲከር ላልብስ» የሚለው ስሌት አይሠራም። የላሜራው ሥራ በሁለቱም መንገድ አይቀርም።

አስቀድሞ የሚደረግ ምርመራ

እንግዲህ ከመወሰን በፊት መኪናውን መመርመር ግድ ይላል። ለዚህ ሥራ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። ማንኛውም የቤተሰብ አባል ሊያደርገው የሚችል ነው።

አንደኛ፦ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በመኪናው ገላ ላይ ማስኬድ። ማግኔቱ በደንብ ከያዘ ከሥሩ ብረት አለ። አልይዝ ካለ ወይም ከወደቀ ወፍራም ስቱኮ ተለስኗል ማለት ነው። ስቱኮ እርጥበት ይስባል፤ የተሰነጠቀ ስቱኮ ላይ ስቲከር መለጠፍ ከንቱ ድካም ነው።

ሁለተኛ፦ ጠንካራ ፕላስተር በቀለሙ ላይ አጥብቆ ለጥፎ በአንድ ጊዜ መሳብ። ቀለሙ ተላጥቶ ከፕላስተሩ ጋር ከመጣ ስቲከሩም አንድ ቀን ሲነሣ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። በጋራዥ ሁለትና ሦስት ጊዜ የተቀባ መኪና ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

ሦስተኛ፦ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ኮፈኑንና ጣሪያውን ማሸት። ጨርቁ ላይ ዱቄት ከወጣ የቀለሙ የላይኛው ክፍል በፀሐይ ሞቷል። ይህ ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት መኪኖች አብዛኞቹ በላያቸው የመስተዋት ቀለም የላቸውም። የሞተው ክፍል በፖሊሽ ሲወለወል ከሥሩ የመጀመሪያው ቀለም ብቅ ሊል ይችላል። የፋብሪካ ቀለም በመልካም ሁኔታ የቆየበት አሮጌ መኪና በዓለም ገበያ አዲስ ከተቀባው ይልቅ የሚፈለግበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ማስቀባትም ስቲከር ማልበስም ከመታሰቡ በፊት ውልወላው ይሞከር።

አራተኛ፦ ዝገት በሚደበቅባቸው ቦታዎች ማየት። ቮልስ ያለው ሰው የኋላ ወንበሩን አንሥቶ ባትሪው የተቀመጠበትን ወለል፣ ከበሮቹ ሥር የሞቃት አየር መተላለፊያ የሆነውን ክፍት ብረት፣ ፓራፋንጎው ከገላው ጋር የሚገናኝበትን መስመር ይመልከት። እዚያ የበሰበሰ ካለ ገንዘቡ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ብየዳ ነው። ወለሉ የተበሳ መኪና ላይ የሚያብረቀርቅ ስቲከር ማልበስ የተቀደደ ቀሚስ ላይ ነጠላ እንደመደረብ ነው።

የደጋ ፀሐይና የዓባይ በረሃ

የስቲከር ሻጮች «አምስት ዓመት ይቆያል፤ ሰባት ዓመት ይቆያል» ሲሉ ይሰማል። ይህ ቁጥር የት ሀገር የተለካ ነው? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አምራቾቹ ራሳቸው ዓለምን በአየር ጠባይ ከፍለው ፀሐይ ለሚበረታበት ሀገር ያነሰ ዋስትና ይሰጣሉ። እንደ ጣሪያና ኮፈን ላሉ ወደ ሰማይ ለሚያዩ ክፍሎች የሚሰጡት ጊዜ ደግሞ ለጎኖቹ ከሚሰጡት በጣም ያንሳል።

የጎጃም ደጋ ብርድ ስላለው ፀሐዩ የሚጎዳ አይመስልም። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ቀለምን የሚያገረጣውና ፕላስቲክን የሚያደርቀው አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ ጮቄ ተራራ የሚጠጉት ከተሞች ደግሞ ከዚያም ይልቃሉ። ስለዚህ ብርድ ያለበት ፀሐይ ከቆላው ፀሐይ የበለጠ ቀለም ሊበላ ይችላል።

በዚህ ላይ መንገዱ አለ። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ማርቆስ የሚገባ መኪና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ 1,000 ሜትር ገደማ ወደሆነው ድልድይ ደርሶ እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል። በአንድ ቀን ውስጥ ከቅዝቃዜ ወደ ሙቀት፣ ከሙቀት ወደ ቅዝቃዜ ይመላለሳል። ፕላስቲክ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲበርድ ይኮማተራል። ርካሹ ስቲከር በመጀመሪያ ጠርዝ ጠርዙን የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ የክረምቱ ዝናብና ጭቃ፣ የጠጠር መንገዱ ፍንጣሪ ሲጨመርበት ዕድሜው ያጥራል። ጥቁር ስቲከር ደግሞ ከነጩ ይልቅ ይግላል፤ ቶሎም ይደርቃል።

ሁለት ዓይነት ስቲከር

በገበያ ያለው ስቲከር ሁሉ አንድ አይደለም። አንደኛው ዓይነት ሊጥ በመዳመጫ እንደሚሳሳ ሁሉ ፕላስቲኩ በጋለ ሲሊንደር መሐል ተጨፍልቆ የሚሠራ ነው። ዋጋው ርካሽ፣ ውፍረቱ ብዙ ነው። ተጨፍልቆ ስለተሠራ ግን ወደ ቀድሞ መጠኑ መመለስ ይፈልጋል፤ ሲቆይ ይሸበሸባል። ለሱቅ ማስታወቂያና ለጠፍጣፋ በር ይሆናል።

ሁለተኛው ዓይነት እንደ እንጀራ ነው። ፈሳሹ ተጋግሮ፣ ተንጣልሎ የሚደርቅ ስለሆነ ውስጡ ውጥረት የለበትም። ስስ ነው፤ ውፍረቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በሙቀት ሲለሰልስ ክብ ቅርጽ ላይ ይተኛል፤ ተኝቶም ይቀራል። ዋጋው ይወደዳል። ቮልስን የመሰለ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክብ የሆነ መኪና ከዚህ ሌላ አይለብስም። ርካሹን የለጠፈ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ፓራፋንጎው ላይ እንደ ድንኳን ተወጥሮ ያገኘዋል።

አለባበሱም ጥንቃቄ ይጠይቃል። መኪናው ይታጠባል፤ ቅባቱ በአልኮል ይጠረጋል፤ ፓራውርቱ፣ ስፖኪዮው፣ መብራቱና የበር እጀታው ይፈታል። ቮልስ በዚህ በኩል የተመቸች ናት። አራቱም ፓራፋንጎዎቿ በብሎን የታሰሩ ስለሆኑ ተፈትተው ለየብቻ ሊለብሱ ይችላሉ። አቧራ የማይገባበት፣ ነፋስ የማይነፍስበት ቤት ያስፈልጋል። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ብርድ ሙጫው አይዝም፤ በቀትር ፀሐይ ደግሞ ከመጠን በላይ ይዛል። ከተለጠፈ በኋላ ጠርዞቹና ጎድጓዳ ቦታዎቹ በሙቅ አየር መንፊያ ተግለው ካልተጫኑ ስቲከሩ ይነሣል። ለአንድ መካከለኛ መኪና አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ካለው ጥቅል ከ15 እስከ 20 ሜትር ይፈጃል።

አዲስ በተቀባ መኪና ላይም ወዲያው ስቲከር አይለጠፍም። በአየር የደረቀ የጋራዥ ቀለም ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም ከውስጡ ቀጭን እንፋሎት ለሳምንታት ይወጣል። ቢያንስ አንድ ወር ካልቆየ እንፋሎቱ ከስቲከሩ ሥር ታፍኖ አረፋ ይሠራል።

የቤተሰብ ጤና

ይህ ክፍል ለእናቶችና ለአባቶች ሁሉ የሚመለከት ነው። መኪና በግቢ ውስጥ የሚያስቀባ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ሠራተኛው አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ይልጋል፤ አቧራው በግቢው ይበተናል፤ ልጆች እዚያው ይጫወታሉ። በድሮ የመኪና ቀለሞች፣ በተለይ በቢጫውና በቀዩ፣ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ይገኝ ነበር። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በሀገራችን በ2010 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባ መኪና ግን አሮጌ ቀለሙን እንደያዘ ነው። ስለዚህ የደረቀ ልግ ከቤት ርቆ፣ ይልቁንም በውኃ እየታገዘ ይሠራ፤ አቧራውም ተጠርጎ ይወገድ፤ ሠራተኛው ልብሱን ሳይቀይር ሕፃን አይቀፍ።

ሁለተኛው አደጋ ማጠንከሪያ እየተጨመረበት የሚረጨው ቀለም ነው። በማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት የሚባል ንጥረ ነገር ቀለም ቀቢዎችን ለአስም በሽታ ከሚዳርጉት ዋነኞቹ አንዱ ነው። አንድ ጊዜ ሰውነቱ የተቆጣበት ሰው በኋላ በጥቂቱ እንኳ ትንፋሹ ያጥረዋል። አፍን በጨርቅ መሸፈን ወይም ተራ የአቧራ ጭምብል ማድረግ ይህን አይከላከልም።

በዚህ በኩል ስቲከር ይሻላል፤ አቧራም ጭስም የለውም። ነገር ግን ተልጦ የወጣው ስቲከር የት ይጣላል? በምንም ዓይነት በግቢ ወይም በምድጃ አይቃጠል። ቪኒል ሲቃጠል ሳንባን የሚያቃጥል የአሲድ ጋዝና ሌሎች መርዞች ይወጣሉ። ለማገዶ ማቀጣጠያ የሚሆን ፕላስቲክ አይደለም፤ በጭራሽ!

ሊብሬና ሽያጭ

የመኪናው ቀለም በሊብሬው ላይ የተጻፈ ነው። ሰማያዊ ተብሎ የተመዘገበ መኪና ቀይ ለብሶ ቢገኝ በመንገድ ላይ ጥያቄ ያስነሣል። ስቲከር የሚላጥ ቢሆንም የሚታየው ቀለም ከሊብሬው ጋር መስማማት አለበት። በመሆኑም ቀለም የሚቀይር ሰው፣ በቀለምም ይሁን በስቲከር፣ አስቀድሞ መኪናውን የመዘገበውን መሥሪያ ቤት ይጠይቅ። ያንኑ የድሮ ቀለም የመረጠ ግን ከዚህ ጣጣ ይድናል።

ከዚህ የሚከብደው የሽያጭ ጉዳይ ነው። ስቲከር የለበሰ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ከሥሩ ያለውን አያይም። ዝገቱንና ስቱኮውን አውቆ፣ በስቲከር ሸፍኖ፣ በደህና መኪና ዋጋ መሸጥ የሰውን ገንዘብ መብላት ነው። የዕቃን ዐይብ ደብቆ መሸጥ በሃይማኖታችን የተወገዘ መሆኑን አንባቢያን አሳምረው ያውቃሉ። በሀገሪቱም ሕግ ቢሆን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ሻጭ ከመልበሱ በፊት የተነሣውን ፎቶግራፍ ለገዢ ቢያሳይ ለሁለቱም የሰላም መንገድ ነው። ገዢም በበኩሉ ማግኔቱን ይያዝ፤ ማግኔት በስቲከርም ላይ ይሠራል። ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን፣ በሩን ከፍቶ ጠርዙን ይይ። ሻጭ ይህን እንዳያደርግ ከከለከለው መልሱን አገኘ ማለት ነው።

ታዲያ የቱ ይሻላል?

ከላይ የተዘረዘረውን ስንጠቀልለው ነገሩ በሦስት ይከፈላል። የመኪናው ቀለም ጤነኛ ሆኖ ከገረጣ ብቻ ውልወላ ይበቃዋል። ቀለሙ ጤነኛ ሆኖ ባለቤቱ ለጊዜው ሌላ መልክ ከፈለገ፣ ለሥራ ወይም ለማስታወቂያ፣ ወይም ያንን የመጀመሪያ ቀለም ከጠጠርና ከፀሐይ ለማቆየት ካሰበ ጥሩው ስቲከር ተገቢ ነው፤ ሲበቃው ይላጣል፤ የድሮው መልክ ይመለሳል። ቀለሙ የተላላጠ፣ ላሜራው የዛገ ከሆነ ግን ከባትላሜራና ከቀለም ሌላ መድኃኒት የለውም። በደንብ የተሠራ ቀለም ከስቲከር ዕድሜ እጥፍና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ትንሽ ቢጫርም እዚያው ደብረ ማርቆስ ባለ ጋራዥ ይታደሳል። የተቀደደ ስቲከር ግን ያንኑ ዓይነት ጥቅል ፈልጎ ሙሉውን ክፍል እንደገና ማልበስ ይጠይቃል፤ እንደ ሮብ ገበያ ካለ ቦታ ሆኖ ያንን ማግኘት ደግሞ የመንገድ ወጪ አለው።

ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ፍሬንና ጎማ፣ ቀጥሎ ወለልና ብየዳ፣ ከዚያ የዝገት መከላከያ፣ መልክ በመጨረሻ። የገረጣ መኪና ቤተሰቡን በሰላም ያደርሳል፤ ከሥሩ የበሰበሰ ግን ምንም ቢያምር አያደርስም። ከአባት የተረከብነው መኪና አማና ነው፤ ለልጆቻችን ስናስረክበውም ከላይ እንደሚታየው ሁሉ ከሥሩም ደህና ሆኖ ይሁን።